«ወፍ የለም» ከማለታችሁ በፊት፦ ወፍና አውሬ ስታዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ጎንደር፣ ፋሲል መዋኛ አጥር ሥር ቆሜ ዋርካው ላይ አፍጥጫለሁ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። «ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ ሹፌሩ። ወፍ እያየሁ እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ወፍ አለ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ያን ቀን አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ የሆነ ነገር የማነብ መሰልኩ። ወፍና አውሬ ማየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ብዙ ጊዜ የበላብኝ ይሄው ማፈር ነውና ከሱ ልጀምር።

ማፈር

ልጅ ሆነን ወፍ በወንጭፍ ስናሳድድ ማንም አልገረመውም። ትልቅ ሆነን ቆመን ስናያት ግን «ምን ነካው?» ይባላል። እኔ የወፍ ፍቅር የያዘኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ታውቁታላችሁ። ዙሪያቸውን አንበሳና ነብር ከቧቸዋል፤ አንዲት ወፍ ደግሞ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ሰው ጻድቁን ይሳለማል፣ እኔ ወፏን አያለሁ። እናቴ በክርኗ ትጎስመኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያቺን ወፍ የሣለው ሰውም አንድ ቀን የሆነ ቦታ ቆሞ ወፍ ውኃ ስትጠጣ ሳያይ አልቀረም።

ስለዚህ ስልክ አውጥቶ ማስመሰሉ ይቅር። ሲጠይቋችሁ «ወፍ ነው የማየው» በሉ። ግማሹ ይስቃል። ግማሹ ቀና ብሎ «የታለ?» ይላል።

ከዋልያ መጀመር

ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ደባርቅም ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሄዶ ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን «ብር ሲሞላልኝ እሄዳለሁ» እያልኩ ሁለት ዓመት ስጠብቅ ጣሪያዬ ላይ የሚያርፈውን አላየሁም።

ቁራውን ማለቴ ነው። ያ ሥጋ ቤት አካባቢ የሚያንዣብበው፣ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር አይገኝም። ፈረንጅ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣለታል። እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን። አንድ ቀን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ምንቃሩ ለጭንቅላቱ ይከብደዋል የሚያሰኝ ነው፤ ጫፉ ነጣ ይላል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የተለጠፈበት ይመስላል። ሲራመድ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ እያለ፣ ግራ ቀኙን እየገላመጠ። ኖኅ ልኮት ስላልተመለሰ እስከ ዛሬ «የቁራ መልእክተኛ» እያልን እንሰድበዋለን። ቂማችን አይጣል ነው።

ማለዳ እየጮኸ በጣሪያ ላይ የሚያልፈውስ? ምንቃሩ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት። እኛ ሰፈር ጋጋኖ ይሉታል። እሱም የኛና የኤርትራ ብቻ ነው። ጩኸቱ ከእንቅልፍ ስለሚያስነሳ ስንሰድበው እንጂ ስናየው አይተን አናውቅም።

ስምን ማመን

ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ነበር። እሱ እንደጻፈው፣ ሊማሊሞ አናት ላይ አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ከበው ሲበሉ አንድ ግዙፍ ወፍ መጣ። እግሩን ድስቱ ውስጥ ከተተ። ሲያቃጥለው አወጣና ከገበታው ላይ ታፋና ወርች ይዞ በረረ። ብሩስ «ንስር ወርቅ» ብሎ መዘገበው። ሰዉ «ጺማም አባት» እንደሚለውም ጽፏል።

ትክክለኛው ሰዉ ያወጣለት ስም ነው። ወፉ ንስር አይደለም። አጥንት ከላይ ወደ ድንጋይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላ ጺማም አሞራ ነው። ወርቅ የመሰለው ደረቱም የተፈጥሮ ቀለሙ አይደለም። ብረት የበዛበት ጭቃ ውስጥ እየተሻሸ ይቀባዋል፣ እንሶስላ እንደምትሞቅ ሙሽራ። በሰው እጅ ተይዞ ያን ጭቃ ያላገኘው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ይሄን ካወቅሁ በኋላ አሞራ ባየሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

ጭላዳም እንደዚያው ነው። ዝንጀሮ ብለን እንጨርሰዋለን እንጂ ለብቻው የቆመ ወገን ነው። ቀኑን ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ማታ ገደል ላይ ያድራል። ቀይ ቀበሮ የምንለውም ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ይቀርባል።

ግን እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ። ስም ካላወቅሁ አላየሁም ማለት። በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። ሁሉን ማን ያውቃል? የኔ ደብተር ውስጥ «ስሟን የማላውቃት፣ ጭራዋ የማያርፍ» የምትባል ወፍ ስድስት ገጽ ላይ አለች። አላፈርኩባትም።

ለሰው ዓይን መሣል

ወፍ ማየት ብቻ ሳይሆን መሣልም እወዳለሁ። መጀመሪያ ከስልክ ላይ ጣዎስ ነበር የምገለብጠው። ጣዎስ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ላጲስ በላጲስ እሆንና ወረቀቱን እቀደዋለሁ። አሁን በቢክ ነው የምሥለው፣ ላጲስ የለም። ወፏ አትጠብቅም፤ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ትሄዳለች። ከዓይንና ከላባ የጀመረ ሰው ዓይንና ላባ ይዞ ይቀራል። አቋሟን ያዙ፦ ጀርባዋ ወዴት አዘነበለ? ጭራዋ ወርዷል ወይስ ቆሟል? ቀለሙ ይደርሳል።

ብሩስ ይዞት የመጣው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል፣ የቦሎኛ ሰው ነው። ዕፅዋቱንና እንስሳቱን በብዛት የሣለው እሱ ነበር። እዚሁ ጎንደር ሞተ። ብሩስ አገሩ ተመልሶ መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው። እኔ ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ቀን፣ ቦታና ስሜን እጽፋለሁ። ዶሮ ከመሰለው ጭልፊት ሥር ሳይቀር።

ሟርትና ዳቦ

እነዚህን በአጭሩ። ጉጉት የሚጮኸው ግዛቱን ለማስከበርና ጥንዱን ለመጥራት ነው። ሰው ሊሞት ነው ብላችሁ አታባሯት፤ የምትበላው የእናንተኑ አይጥ ነው። ለጭላዳ ደግሞ ዳቦ አትወርውሩ። ፎቶው ያምራል። እንስሳው ግን ሣሩን ትቶ መንገድ ዳር መለመን ይለምዳል።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣንና ከሃዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ካያችሁ፣ እነዚያ ከ100 በላይ የመላእክት ፊቶች ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ታገኟቸዋላችሁ። ወፍ ግን ዓይኑ በግራና በቀኝ ነው። አንድን ነገር አጥብቆ ማየት ሲፈልግ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው።

ባለፈው ከቁስቋም ስመለስ ቁራውን እንዲያ ሲያየኝ ሣልኩትና ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አስተካክላ ብዙ አየችው።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደለህና ነው ሰይጣን ያደረግኸው?»

አስረዳኋት። አልተዋጠላትም። በማግስቱ ማለዳ ግን ከጓሮ በኩል ጠራችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ና እስቲ ቶሎ። ያ ሰይጣንህ መጥቷል።»