የሰመጠ ጥንታዊ መርከብ እንዴት ይመረመራል?

ፍለጋው ከመዝገብ ቤት ይጀምራል። የጉዞ መዝገብ፣ የኢንሹራንስ ሰነድ፣ ከአደጋው የተረፉ ሰዎች የሰጡት ቃል፣ የድሮ የባሕር ካርታ፣ ሁሉንም ሰብስቡና እርስ በርስ አስተያዩ። ያረጀ ወረቀት ነው ብላችሁ አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንታርክቲካ አጠገብ ባለው በዌዴል ባሕር በረዶ ጨፍልቆ ያሰመጠው ኢንዱራንስ የተባለ መርከብ በ2022 ሲገኝ፣ አዛዡ ፍራንክ ዎርስሊ ከመዘገቡት ቦታ 4 ማይል ያህል ብቻ ርቆ፣ 3,008 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ሊኖር የሚችለውን ስሕተት አስልታችሁ የፍለጋውን ክልል ካርታ ላይ አስምሩ። ከሚመለከተው አገር የቅርስ መሥሪያ ቤትም ፈቃድ ውሰዱ፤ ያለ ፈቃድ የሚደረግ ፍለጋ ከዘረፋ አይለይም።

ቀጥሎ የባሕሩ ወለል በድምፅ ይታያል። ጀልባዋ የጎን ሶናር፣ ማለትም ድምፅ ወደ ጎን እየላከ ከሚመለሰው ድምፅ ምስል የሚሠራ መሣሪያ፣ እየጎተተች፣ ማሳ እንደሚያርስ ገበሬ በትይዩ መስመሮች ትመላለሳለች። በመስመሮቹ መካከል ክፍተት እንዳይቀር እየደራረባችሁ ሂዱ። ምስሉ ሲመጣ ከነገሩ ይልቅ ጥላውን አስተውሉ። ከወለሉ ከፍ ያለ ነገር ከኋላው ድምፅ የማይደርስበት ጥቁር ቦታ ይፈጥራል፤ ከዚያ ጥላ ርዝመት የነገሩ ቁመት ይሰላል። ድንጋይም ጥላ ስላለው፣ አጠራጣሪውን ቦታ ከሌላ አቅጣጫ ደግማችሁ ቃኙት። የብረት መድፍና መልህቅ በደለል ከተቀበሩ ማግኔቶሜትር፣ ማለትም ብረት በምድር የማግኔት መስክ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚለካ መሣሪያ፣ ይጠቁማል፤ ብረት የሌለበትን እንጨት ግን አያገኝም።

ስብርባሪውንም ተከተሉ። በ1985 የሮበርት ባላርድና የዣን ሉዊ ሚሼል ቡድን ታይታኒክን ያገኘው በተጎታች ካሜራ ወለሉን ሲቃኝ ነው፤ በመጀመሪያ የታየው የመርከቡ የእንፋሎት ማፍያ ነበር።

ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ፎቶግራፍ የማንሣት ሥራ ነው። ጥልቀቱ ለጠላቂ የሚያሰጋ ከሆነ በኬብል የሚመራ ሮቦት ይውረድ። ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ መርከቡ አጠገብ አስቀምጡ፤ ያለ እሱ የምታገኙት ምስል መጠኑ የማይታወቅ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። መብራቱን ከካሜራው አርቃችሁ ወደ ጎን አድርጉት፤ አለበለዚያ በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ እያበራ ምስሉን ይሸፍነዋል። በዝግታ ተጓዙ፤ አንዴ የተነሣ ደለል ቶሎ አይረጋም። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር ከግማሽ በላይ ይደራረብ፤ ኮምፒውተሩ ባለ ሦስት አውታር ቅርጹን የሚገነባው በተለያዩ ፎቶዎች ላይ የታዩ ተመሳሳይ ነጥቦችን እያገናኘ ነው።

የመርከቡን ማንነት በአንድ ምልክት አትወስኑ። የእንጨቱ የዕድገት ቀለበት፣ የአሠራሩ ስልት፣ የመድፎቹ ብዛትና የጭነቱ ዓይነት ከሰነዱ ጋር መስማማት አለባቸው።

ዕቃ ለማውጣት ግን አትቸኩሉ። በውኃ ውስጥ ስላሉ ቅርሶች በ2001 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነትም ቅርሱን ባለበት መጠበቅ ቀዳሚ አማራጭ እንዲሆን ይደነግጋል። በውኃ የራሰ እንጨት ዝም ብሎ ከደረቀ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በ1982 ከባሕር የወጣችው የእንግሊዝ ጥንታዊ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ እንዳትፈራርስ ከ1994 እስከ 2013 በኬሚካል ስትረጭ ኖራለች። ይህን ያህል ዘመን የሚዘልቅ ገንዘብና ቤተ ሙከራ ከሌላችሁ፣ የገለጣችሁትን እንጨት መልሳችሁ በአሸዋ ሸፍኑ፤ ቋሚ የመለኪያ ነጥቦችን ተክላችሁ በየጊዜው ፎቶ እያነሣችሁ የሚደርሰውን ለውጥ መዝግቡ።