ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ቤት ከመጥለቅለቅ መጠበቅ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት አስጊው ሰዓት ውሃ የጠፋበት ሳይሆን የተመለሰበት ነው። «መጣ ይሆን?» ተብሎ የተከፈተ ቧንቧ ሳይዘጋ ይረሳል፤ ውሃው ሌሊት ይደርሳል። መስመሩ ውስጥ የቆየው አየርም ውሃው ሲገፋው ያረጀ ጎማና የደከመ ፍሌክሲብል (መስመሩን ከዕቃው የሚያገናኝ ተጣጣፊ ቱቦ) ይፈትናል።

ከዋናው መዝጊያ ይጀምሩ። ሳይነካ የከረመ መዝጊያ በቸገረ ቀን አይዞርም፤ ስለዚህ በ3 ወር አንዴ እስከ መጨረሻው ዘግተው ይክፈቱት። ለጉዞ ሲወጡ ይዝጉት። ሌሊት ሮቶው መሙላት ካለበት ወደ ቤት የሚገባውን ብቻ ይዝጉ።

ድብቅ ፍሳሽን ቆጣሪው ይናገራል። መስመሩ ውሃ ባለበት ሰዓት፣ ሮቶው ሲሞላ፣ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው ቁጥሩን ይጻፉና ከ1 ሰዓት በኋላ ይመልከቱ። ከተንቀሳቀሰ የሮቶውን መግቢያ ዘግተው ይድገሙት። አሁን ከቆመ ችግሩ ሮቶው ላይ ወይም ከሮቶው በኋላ ነው፤ ካልቆመ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚሄደው መስመር ላይ ነው።

ሮቶው ላይ የፍሎተሩን (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ባለኳስ መዝጊያ) ክንድ በእጅ ወደ ላይ ያንሱ። ውሃው ካልቆመ ጎማው አልቋል። በእጅዎ ሲያነሱት ቆሞ ሲለቁት የሚፈስ ከሆነ ኳሱን ነቅንቀው ያዳምጡ፤ ውስጡ ውሃ ከገባ መንሳፈፍ ስለማይችል ይቀየር። የትርፍ ውሃ መውጫው ያልተደፈነና ወደ ውጭ የሚያፈስ መሆኑንም ይዩ።

ፍሌክሲብል ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሲፈነዳ ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ጭምር ያበላሻል። በእጅ መታጠቢያው፣ በሽንት ቤቱና በቦይለሩ ሥር ያሉትን በደረቅ ሶፍት ይጥረጉ። ሶፍቱ ከረጠበ፣ ሽቦው ከዛገ ወይም ቱቦው ካበጠ ሳይውል ሳያድር ይቀይሩት። አዲሱን በእጅ እስኪጠብቅ ካዞሩ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ይበቃዋል። በጂራቱቦ መታገል ጎማውን ይቆርጣል። እዚህ ማሰሪያ ላይ ጎማው ስለሚዘጋ ቴፍሎን (ቀጭኑ ነጭ የቧንቧ መጠምጠሚያ) አያስፈልግም፤ ቴፍሎን የሚጠመጠመው ጎማ በሌለው ጥርስ ላይ ነው፤ የጥርሱን ጫፍ ወደ ራስዎ አዙረው በሰዓት አቅጣጫ ከ5 እስከ 8 ዙር።

የሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ የቀይ ሥር ውሃ ጨምረው 30 ደቂቃ ሳይለቁ ይጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ የታችኛው ጎማ ያፈሳል።

ቦይለሩ ሲሞቅ ከሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው መዝጊያ) ጠብ ጠብ ማለቱ ጤነኛ ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣልና። ብዙ ሰው ግን «ያፈሳል» ብሎ ይደፍነዋል፤ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ጋኑን ሊቀድ ይችላል። ይልቅ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ወደ መውረጃው ይምሩት። በወር አንዴም ኤሌክትሪኩን አጥፍተው፣ ውሃው ትኩስ ሊሆን ስለሚችል እጅዎን አርቀው፣ ማንሻውን ከፍ አድርገው ውሃ መልቀቁን ያረጋግጡ። ማንሻው ካልተነሳ ወይም ቦይለሩ ቀዝቅዞም ካላቋረጠ ቫልቩ ይቀየር።