ወገብ ሲያም የሚሠሩ ስህተቶች

ወገቡን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መተኛት ነው። ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍለታል፣ ቤተሰቡም «እንዳትነቃነቅ!» ይለዋል። ሕመሙ ሲጠና አንድ ሁለት ቀን ጋደም ማለት ችግር የለውም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆን ግን የጀርባ ጡንቻ ይደክማል፣ ወገብም ይተሳሰራል። ቀስ እያሉ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይሻላል። ሲራመዱ ትንሽ ማመሙ ጉዳቱ እየባሰ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው ለኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ለሚያሳይ የምስል ምርመራ) መቸኮል ነው። ይህ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ውጤቱ ላይ «ዲስኩ ወጣ ብሏል» የሚል ሲያነብ ዕድሜ ልኩን በሽተኛ የሆነ ይመስለዋል። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ፣ ዳሩ ጠንካራ፣ መሃሉ ለስላሳ የሆነ አካል ነው። ከዕድሜ ጋር ይደርቃል፣ ወጣ ወጣም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ50 ዓመት ሰዎች ደግሞ 60 በመቶው ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ምስሉ ብቻውን አይፈርድም። ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እግርን የሚያደነዝዝ ከሆነ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕራሲዮን በ6 እና 12 ሳምንት መካከል ይሻለዋል። ብዙ ጊዜ የወጣውን ዲስክ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያሟሽሸዋል።

«ዲስኩ ይመለስልኛል» ብሎ ጀርባ ማስረገጥ ግን በጣም ያሳስበኛል። ልጅ ጀርባው ላይ የሚያስወጣ አለ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ የሚጎተትም አለ። ዲስክ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር የተያያዘ ነው፤ ተገፍቶ ቦታው አይገባም። አጥንታቸው የሳሳ እናቶችን እንዲህ መርገጥ ደግሞ ስብራት ሊያመጣ ይችላል።

ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየገዙ ለወራት መውሰድም ጥሩ አይደለም። ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ወገብ ሕመም ሁሉ ዲስክ ነው ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ተኝተውም የማይተው ሕመም ካለ ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳያውቁት ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ነው። በሰዓታት መዘግየት የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተው ቀድማችሁ ንገሩት።