ረጅም የደብዳቤ ቼዝ ጨዋታ ላይ እንዴት እንከራከር

ስለ አንድ ውስብስብ የደብዳቤ ቼዝ ጨዋታ (ተጫዋቾቹ ተራርቀው እንቅስቃሴያቸውን እየተላላኩ የሚጫወቱት) ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አንደኛው «ድንቅ ነው» ሲል ሌላኛው «ስህተት የሞላበት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነውና። ስለዚህ ሰሌዳው ከመዘርጋቱ በፊት ጥራት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መስማማት ያስፈልጋል፦ የእንቅስቃሴዎቹ ትክክለኛነት ነው፣ ተጫዋቾቹ የተጋፈጡት ችግር ክብደት ነው፣ ወይስ ከዚያ በፊት ያልታየ ሐሳብ መኖሩ? እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ቀላል አቋም (የጠጠሮች አሰላለፍ) ላይ 40 ትክክለኛ እንቅስቃሴ ማድረግ ብዙ አያስደንቀኝም።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ጨዋታው የተካሄደበት ዘመን ነው። በደብዳቤ ቼዝ ተጫዋቹ መጽሐፍ ማገላበጥና ጠጠሮቹን በሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀሰ ለቀናት ማሰብ ስለሚፈቀድለት፣ «ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኘው» የሚለው ክስ በፊት ለፊት ውድድር ላይ ያለው ክብደት እዚህ የለውም። ዛሬ ደግሞ በዓለም አቀፉ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን ውድድሮች የኮምፒውተር ፕሮግራም መጠቀም የተፈቀደ ነው፤ ለ10 እንቅስቃሴ 50 ቀን መስጠትም የተለመደ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገን ጨዋታና የዛሬን ጨዋታ በአንድ ሚዛን የሚመዝን ክርክር ገና ሲጀመር የተበላሸ ነው።

ለማሳያ የምወስደው በ5ኛው የዓለም የደብዳቤ ቼዝ ሻምፒዮና ከ1965 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ ባለው ጊዜ ሶቭየታዊው ያኮቭ ኢስትሪን በነጭ፣ አሜሪካዊው ሃንስ በርሊነር በጥቁር ያደረጉትን ጨዋታ ነው። በርሊነር ከ16 ጨዋታ 14 ነጥብ ሰብስቦ ሻምፒዮን ሆነ፤ በኋላም የቼዝ ፕሮግራም ከሚሠሩ ተመራማሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ኢስትሪን በበኩሉ ጨዋታው የተጀመረበት መክፈቻ፣ ማለትም የሁለት ፈረሶች መከላከያ፣ የታወቀ ሊቅ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም 7ኛው የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የተሸናፊው ማንነት የክርክሩ አካል መሆኑን ልብ ይሏል፤ ደካማ ተጫዋች ላይ የተሠራ ውብ መስዋዕትነት (ለጥቅም ሲባል ጠጠር ሆን ብሎ መስጠት) እምብዛም አያከራክርም።

እንቅስቃሴዎቹን የምጽፈው ቋንቋ ለማይጋሩ ተጫዋቾች በተዘጋጀው የቁጥር አጻጻፍ ነው። ዓምዶቹ ከነጭ ግራ ጀምሮ፣ ረድፎቹም ከነጭ ወገን ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ፤ 5254 ማለት በ5ኛው ዓምድ 2ኛ ረድፍ ላይ ያለው ጠጠር ወደዚያው ዓምድ 4ኛ ረድፍ ሄደ ማለት ነው። ጨዋታው እንዲህ ተጀመረ፦ 5254 5755፣ 7163 2836፣ 6134 7866፣ 6375 4745፣ 5445 2725፣ 3461 3644፣ 3233 6645፣ 7554 4884፣ 5473 3874፣ 6263 5554።

ክርክሩ የሚጀምረው በዚህ በ10ኛው መልስ ላይ ነው። በ44 ያለውን የጥቁር ፈረስ በ33 ያለ ወታደር ሊበላው ተዘጋጅቷል፤ በ74 ያለውን ጳጳስም በ63 ያለው ወታደር እንዲሁ። በርሊነር ግን ከሁለቱ አንዱንም ሳያሸሽ ወታደሩን ወደፊት ገፋ። ጨዋታው በ3344 6846፣ 6125 5848 ሲቀጥል ጥቁር አንድ ፈረስና አንድ ወታደር ጎድሎበታል፣ ንጉሡም ካስሊንግ (ከግንቡ ጋር በአንድ ጊዜ ቦታ የሚቀይርበትን እንቅስቃሴ) የማድረግ መብቱን አጥቷል።

እዚህ ላይ ፕሮግራሙን አትክፈቱ። እያንዳንዱ ተከራካሪ ለነጭ የተሻለ የሚመስለውን ሁለት ወይም ሦስት እንቅስቃሴ ከነምክንያቱ በወረቀት ይጻፍ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ማን እንደሚበልጥ የሚሰጠውን የግምት ቁጥር አስቀድሞ ያየ ሰው አቋሙን ማየት ስለሚያቆም ነው። በወረቀት የሠራ ሰው ለምሳሌ ይህን ያገኛል፦ በ73 ያለውን የነጭ ፈረስ የሚጠብቀው በ82 ያለው ወታደር ነው፤ ነገር ግን ጥቁር በጳጳሱ ፈረሱን ቢበላና ወታደሩ ጳጳሱን መልሶ ቢበላ፣ 8ኛው ዓምድ ተከፍቶ በ81 የቆመው ግንብ በ84 ላለችው ንግሥት ይጋለጣል። ስለዚህ ጥበቃው የይስሙላ ነው። ይህን ያየ ሰው ኢስትሪን ቀጥሎ ለምን 5171 ብሎ ካስሊንግ እንዳደረገ ይገባዋል፤ ያላየ ሰው ግን «ጥቁር ፈረስ ጎድሎት እንዴት ይጫወታል?» እያለ ያመሻል።

መዝገቡንም ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። እኔ ራሴ በአንድ ምሽት የ12ኛውን የጥቁር መልስ 5848 ማለት ሲገባኝ 5868 ብዬ አስገብቼ፣ ንጉሡን ወደ ተቃራኒው ጎን ልኬ፣ መስዋዕትነቱ ከንቱ መሆኑን ለጓደኞቼ በልበ ሙሉነት አስረድቻለሁ። የተከራከርኩት ማንም ስላልተጫወተው ጨዋታ ነበር። ሁለቱም እንቅስቃሴዎች ሕጋዊ ስለሆኑ ፕሮግራሙ አላስጠነቀቀኝም።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ይከፈት፤ አጠቃቀሙ ግን ዘዴ ይፈልጋል። ጨዋታውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየመለሳችሁ አስፈትሹት፤ ወደፊት ያለውን አስቀድሞ ያየ ፕሮግራም በቀደመው አቋም ላይ የሚሰጠው ግምት ከችኮላ የራቀ ይሆናል። አከራካሪ ቦታ ላይ የጠቆመውን መስመር በእጃችሁ አምስት ስድስት እንቅስቃሴ ተከተሉና እንደገና ጠይቁት። የግምት ቁጥር በጥቂቱ ስለቀነሰ ብቻ እንቅስቃሴን ስህተት ብሎ መፈረጅ ትልቁ የዘመናችን ግድፈት ይመስለኛል፤ ስህተት የምንለው የሚጠበቀው ውጤት ከማሸነፍ ወደ አቻ ወይም ከአቻ ወደ መሸነፍ ሲለወጥ ነው። ዜሮ የሚል ግምትም (ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው) ሁለት ገጽ አለው፤ አምስት ጥሩ መልስ ያለበት ዜሮ እና አንድ ብቸኛ መልስ ያለበት ዜሮ በተጫዋቹ ላይ የሚጥሉት ሸክም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በሰሌዳው ላይ 7 ወይም ከዚያ ያነሱ ጠጠሮች ሲቀሩ የእያንዳንዱን አቋም ትክክለኛ ውጤት አስልተው የያዙ የተሟሉ የመጨረሻ ክፍል ሠንጠረዦች ስላሉ እዚያ መከራከር አያስፈልግም።

የመጨረሻውን ክፍል አትዝለሉት። በዚህ ጨዋታ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 5554 ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው 31ኛው መልስ ነው። ብዙው ጠጠር ተበልቶ ነጭ አንድ ግንብና ሦስት ወታደር፣ ጥቁር አንድ ግንብና አራት ወታደር ቀርቷቸው ነበር። ኢስትሪን 5161 ብሎ በግንቡ በ67 ያለውን ወታደር አጠቃ። ማናችንም ብንሆን በ8887 እንጠብቀዋለን፤ ግንቡም እዚያው ታስሮ ይቀራል። በርሊነር ግን በ8838 ወታደሩን ለቀቀው፤ ከ6167 በኋላም 3837 ብሎ ግንብ በግንብ እንዲለዋወጡ ጋበዘ። ነጭ ቢለዋወጥ ወታደሩ ሦስት ለሦስት ይሆናል፤ ነገር ግን የነጭ ንጉሥ በ8ኛው ዓምድ ያለውን የጥቁር ወታደር ሲያሳድድ የጥቁር ንጉሥ በመሃል አልፎ በ43 ያለውን ይበላል፣ ከዚያም በግራ በኩል ያሉትን ይለቅማል። ቆጥራችሁ አረጋግጡት፤ ነጭ አይደርስም። ኢስትሪን ይህን አይቶ በ6762 አፈገፈገ፤ የጥቁር ንጉሥ ግን በ55 እና በ44 በኩል ሄዶ ያንኑ ወታደር በላ፤ ከ42ኛው የጥቁር መልስ በኋላም ነጭ እጁን ሰጠ። በዚህ ቦታ አንድ ወታደር መስጠት በ10ኛው ላይ ሁለት ጠጠር ከመስጠት የሚከብድ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም ማዕበል የለም፣ ተቃዋሚው ግራ አይጋባም፣ ለማሰብም ሳምንታት አሉት።

ጨዋታውን የሚነቅፈው ወገን ደግሞ ለተሸናፊው ጠበቃ መሆን አለበት። «ጥቁር ተሳስቷል» ማለት አይበቃም፤ ነጭ በየትኛው ቦታ ምን ቢያደርግ ይተርፍ እንደነበር እስከ መጨረሻው ማሳየት ይጠበቅበታል። ለምሳሌ በ8ኛው ላይ ነጭ ፈረሱን በ7554 ከማሸሽ ይልቅ 3344 ብሎ የጥቁሩን ፈረስ ወዲያው መብላት ይችል ነበር፤ ጥቁርም በ4875 በንግሥቲቱ ሌላውን ፈረስ ይበላል፣ ነጭም በ6125 ቼክ ይላል። ይህ መስመር በመክፈቻ ጥናት የታወቀና ብዙ ጊዜ የተጫወቱበት ነው፤ ስለዚህ ነቃፊው የነጭ 8ኛ እንቅስቃሴ ምርጡ አልነበረም ቢል መነሻ አለው። ደጋፊው የሚመልሰው፣ ይህ ትችት የሚነካው የመክፈቻውን ምርጫ እንጂ ከዚያ በኋላ የተሠራውን አይደለም በማለት ነው። እኛ ቡድን ውስጥ ክርክሩ አሁንም የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነቃፊው የ3344ን መስመር እስከ 20ኛው እንቅስቃሴ ጽፎ እንዲመጣ ተስማምተናል።