ሞተሩ ሪዘርቭ ላይም እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስወጣ ኮሶዬ አካባቢ ሞተር ሳይክሌ ተንተፋተፈ። የቤንዚን መክፈቻውን መዘውር ወደ ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) ላዞር እጄን ሰደድኩ፤ መዘውሩ ግን ቀድሞውኑ እዚያው ነበር። ከቀናት በፊት አዙሬው፣ ቤንዚን ስሞላ ሳልመልሰው ቀርቻለሁ። በዚያ አቀበት ሞተር መግፋት ምን እንደሆነ የገፋ ያውቀዋል። ሌላው ሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ብዙ ሰው ሪዘርቭን ለብቻው የተቀመጠ ቤንዚን ያደርገዋል። ታንኩ አንድ ነው፣ ቤንዚኑም አንድ። ከታንኩ ሥር ያለው የቤንዚን መክፈቻ ግን ሁለት መቅጃ አለው፤ አንዱ ታንኩ ውስጥ ወደ ላይ የቆመ ቀጭን ቱቦ፣ ሌላው ከወለሉ አጠገብ ያለ ቀዳዳ። መዘውሩ በመደበኛው ቦታ፣ «ኦን» ላይ ሲሆን ቤንዚኑ የሚገባው በቆመው ቱቦ ጫፍ ነው። ከጫፉ ዝቅ ሲል መውረዱን ያቆማል። «ሪዘርቭ» ስትሉ ታችኛው ቀዳዳ ይከፈትና ከጫፉ በታች የቀረው ይወርዳል፤ በትንንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር።

ምልክት፦ ያለማስጠንቀቂያ ጠፋ፣ ታንኩም ደረቅ ነው።
መጀመሪያ እንደ እኔ ሪዘርቭ ላይ ረስታችሁት እንደሆነ እዩ። ማደያ ላይ ክዳኑን ሳትዘጉ መዘውሩን ወደ «ኦን» መመለስን ልማድ አድርጉት። «ኦን» ላይ እያለ ታንኩ እስኪደርቅ ከሄደ ግን የቆመው ቱቦ ተሰብሯል ወይም ወልቋል። መፈተሻው ቀላል ነው። ታንኩ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ሲቀር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ ቤንዚንን ከአየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚሄደውን ጎማ ንቀሉና ከሥሩ ሃይላንድ ያዙ። «ኦን» ላይ ምንም መውረድ የለበትም። ከወረደ መክፈቻውን ለውጡ።

ምልክት፦ ሪዘርቭ ላይ ሲዞር ይባስ ይንተፋተፋል።
ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ዝገቱና አሸዋውም እዚያው ነው። ታችኛው ቀዳዳ መጀመሪያ የሚስበው ይህን ነው። ቤንዚን ጠፍቶ በየመንገዱ በሃይላንድ የተሸጠውን ስንቀዳ ከረምን፤ ከዚያ በኋላ ይህ ችግር ቢበዛ አይግረማችሁ። ከመክፈቻው ጥቂት ወደ ጠራ ጠርሙስ ቅዱና አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። መፍትሄው ታንኩን አራግፎ ማጠብ፣ ፊልትሮውንና የካርቡራተሩን ጎድጓዳ ማጽዳት ነው። «ቆሻሻ ይስባልና ሪዘርቭን አትንኩ» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። ያልተነካ ቆሻሻ ይከማቻል እንጂ አይጠፋም። በወር አንዴ፣ ማደያ ቅርብ ሳላችሁ፣ ሪዘርቭ ላይ ትንሽ ንዱ።

ምልክት፦ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል፣ ሜዳ ላይ ይነሳል።
ከጎንደሩ የቁስቋም ኮረብታ ስትወርዱ ቤንዚኑ ወደ ፊት ይሸሻል፤ መክፈቻው ደግሞ በብዙ ሞተር ከታንኩ ኋላ በኩል ነው። ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ከቆመባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ታንኩ ከመሀሉ እንደ ኮርቻ ጎበጥ ያለ ስለሆነ፣ መክፈቻው ባለበት ተቃራኒ ጎን ጥቂት ቤንዚን ይቀራል። ሞተሩን መክፈቻው ወዳለበት ጎን አጋድሙት፤ ይሻገራል።

ምልክት፦ ታንኩ ግማሽ ነው፣ ግን ይጠፋል፤ ቆይቶ ይነሳል።
የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ክዳኑን ስትከፍቱ አየር ሲገባ ከሰማችሁ እሱው ነው። በቀጭን ሽቦ ጥረጉት።

ካርቡራተር የሌላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይህ መዘውር የላቸውም። ማስጠንቀቂያቸው መብራት ነው። መብራቱን ችላ ብሎ ታንኩን ማድረቅ ውስጡ ያለውን ፓምፕ ይጎዳል፤ የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ራሱ ነውና።

የራሳችሁን ሪዘርቭ ለማወቅ፣ ልክ «ኦን» ላይ ሲንተፋተፍ ማደያ ግቡና ሙሉ። 11 ሊትር የሚይዝ ታንክ 9 ተኩል ከወሰደ ሪዘርቩ 1 ተኩል ነው። ሞተሩ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ከሄደ በሪዘርቭ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እኔ ግን ለዳገቱ ብዬ 40 ብቻ እቆጥራለሁ።