አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ቱርቦ ልትገጥሙ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ይዞ እንጦጦን የወጣ ሰው የምናገረው ወዲያው ይገባዋል። ነዳጁ እስከ ጥግ ተረግጧል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይግተለተላል፣ መኪናው ግን ያዘግማል። ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ፣ የመግጠም ሀሳብ የሚመጣው እዚያ ዳገት ላይ ነው። እኔም ጋ የመጣው እንደዛ ነው። የመጀመሪያው ቱርቦዬ አራት ወር ሳይሞላው ሞተ። ሁለተኛው እስካሁን እየሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ገንዘብ አስከፍሎኛል፣ እናንተ እንዳትከፍሉት ነው የምጽፈው።

የማወራው ስለ 1ኤችዜድ፣ ማለትም በብዙ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ላይ ስላለው ሞተር ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ የወጣ ናፍጣ፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ አካባቢ። ቲዲ42 ሞተር ያለው ኒሳን ፓትሮል ወይም አሮጌ ሃይሉክስ ያላችሁም አብዛኛው ነገር ይመለከታችኋል።

ቱርቦ የፍጥነት ዕቃ ነው ብሎ መነሳት

ብዙ ሰው ሲጠይቅ "ስንት ፈረስ ይጨምርልኛል?" ብሎ ነው የሚጀምረው። ጥያቄው ከጅምሩ ወደ ተሳሳተ ዕቃ ይመራል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተራችሁ ሲተነፍስ ከሚገባው አየር ሩቡ የለም ማለት ነው። ለሞተሩ ናፍጣ የሚልከው ፖምፓ ግን መጠኑን አይቀንስም፣ በተለመደው ልኩ ይረጫል። የተረፈው ናፍጣ ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው። እኔ ፖምፓው ተበላሽቷል ብዬ አስፈትቼ ነበር። የሠሩልኝ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ በመሞከሪያው ላይ ለክተው "ልጄ፣ ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ አየር ነው ያጣው" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ቱርቦ ራሱ መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው በከፍታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ አውጥቶ ከነቱርቦው ሞከረው። ሞተሩ በቀጭኑ አየር ያጣውን ጉልበት መልሶ አገኘ። የእኛም ጉዳይ ይኸው ነው። ደጋ ላይ ለሚውል 1ኤችዜድ ቱርቦ መጀመሪያ የሚያደርገው የጎደለውን መመለስ ነው።

ይህን ከተቀበላችሁ ምርጫው ይቀየራል። የምትፈልጉት አነስ ያለ፣ ቶሎ የሚነቃ፣ ሞተሩ በደቂቃ በ1,500 እና በ1,800 ዙር መካከል ሲሆን መግፋት የሚጀምር ቱርቦ ነው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ ያላችሁት እዚያ ዙር ላይ ነዋ! የእኔ የመጀመሪያው ከጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ቱርቦ ነበር፣ "ትልቅ ከሆነ ጉልበት አለው" ተብዬ ነው የገዛሁት። እስከ 2,500 ዙር ድረስ ምንም አልነበረም። ሲነቃ ደግሞ ዳገቱ አልቋል።

የሌላ አገር ቁጥር መቅዳት

ይሄኛው ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) የሚሰነጠቀው እዚህ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ መግጠም የቆየ ሥራ ነው፣ "0.5 ባር ግፊት ይበቃል" የሚለውም ምክር ከእዚያ ይመጣል። ባር የግፊት መለኪያ ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ለባሕር ዳርቻ የተሰላ ነው። እዚያ አየሩ ራሱ 1 ባር ገደማ ግፊት አለው፣ ቱርቦው 0.5 ሲጨምርበት 1.5 ይሆናል። አዲስ አበባ መነሻው 0.76 ገደማ ነው። ያው 0.5 ሲጨመርበት 1.26 ብቻ። እዚያው 1.5 ለመድረስ ቱርቦው 0.74 መጨመር አለበት፣ ማለትም ያገኘውን አየር ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ለዚያ የቱርቦው ዘንግ በጣም መፍጠን አለበት፣ አየሩም በጣም ይግላል።

ስለዚህ ትንሽ ቱርቦ ስላችሁ በጣም ትንሿን ማለቴ አይደለም። እሷ እዚህ ከፍታ ላይ ከአቅሟ በላይ ስትሽከረከር ትውላለች። ሻጩን የኮምፕረሰሩን ካርታ፣ ማለትም ቱርቦው በየትኛው ግፊትና የአየር መጠን በደንብ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሥዕል፣ አሳየኝ በሉት። በሁለት እጥፍ ግፊት ላይ ካርታው መሀል አካባቢ የምትቀመጥ ከሆነች ትሆናችኋለች። ጠርዝ ላይ ከሆነች ተዉአት። ካርታውን የማያሳይ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም።

ሌላም አለ፣ ማንም አይነግራችሁም። ዌስትጌት የሚባለው የግፊት መቆጣጠሪያ ስፕሪንጉ የሚገፋው ከውጭው አየር አንጻር ነው። አዲስ አበባ ላይ "አነሰኝ" ብላችሁ 0.8 ብታደርጉት በጠቅላላው 1.56 ታገኛላችሁ፣ ሞተሩ ይችለዋል። ያንኑ መኪና ይዛችሁ አዋሽ ስትወርዱ የውጭው አየር ወደ 0.9 ይጠጋል፣ የግፊት ጌጁ ላይ ያው 0.8 ነው የሚታየው፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ግን 1.7 ሆኗል። ሙቀቱም የቆላ ሙቀት ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር ሞተሩ ላይ ያለው ጫና ተቀየረ። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ግፊቱን ለቆላው አስተካክሉት።

የደከመ ሞተር ላይ መግጠም

ቱርቦ የታመመ ሞተር አይፈውስም። ያለውን በሽታ ያፈጥነዋል።

የ1ኤችዜድ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ አየሩን የሚያምቅበት ልክ፣ 22.4 ለ1 ነው። ናፍጣው መጀመሪያ የሚነደው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፣ ሙቀቱም እዚያ ይጠራቀማል። ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የወጣው ወንድሙ፣ 1ኤችዲቲ፣ ከፒስቶኖቹ ሥር ዘይት የሚረጭ ማቀዝቀዣ አለው። 1ኤችዜድ የለውም። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለው መንገድ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን አስለኩ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ስለ ቱርቦ ማሰብ አቁሙ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ ከዚያ ጭስ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስቶኖቹ ፋሻዎች አልቀዋል። ራዲያተሩን አስጠርጉ። የታይሚንግ ቤልቱ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር የማታውቁት ከሆነም ቀይሩት፣ ስታንዳርዱ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው።

ስላብረቀረቀ መግዛት

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ያገለገለ ቱርቦ ታጥቦ ተወልውሎ ይጠብቃችኋል። አትመልከቱት፣ ንኩት። ዘንጉን በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን አነቃንቁ፤ ትንሽ ቢነቃነቅ ጤና ነው፣ ዘይት ሲገባበት ይሞላል። ቢላዎቹ ግን ግድግዳውን መንካት የለባቸውም። ቀጥሎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት ሳቡት። በዚህ አቅጣጫ የሚሰማ ነገር ካለ መልሳችሁ አስቀምጡት። አየር የሚስቡትን ቢላዎች ጫፍ ተመልከቱ፤ ተሸርፈው ወይም ተበልተው ከሆነ አቧራ በልቷቸዋል፣ ዘንጉም ሚዛኑን ስቷል። አዲስ ተብሎ በጣም በርካሽ የሚሸጥ ኮፒ ላይ ደግሞ ሚዛኑን ማን እንዳስተካከለው አታውቁም። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው።

ለዘይቱ መንገድ ግድ አለመስጠት

የእኔን የመጀመሪያ ቱርቦ በመጨረሻ የገደለው መጠኑ አልነበረም። ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዘይት የሚያስገባውን ቀጭን ቱቦ ጫፉን ስናየው ቀይ ሲሊኮን እንደ ትል ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ግማሹን ዘግቶታል። የገጠመልኝ ጋራዥ በጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሀል የሚገባ ማፈኛ) ፋንታ ሲሊኮን ቀብቶ ነበር፣ ሲያጠብቀው ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ገባ። ዘንጉ ያለ ዘይት ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል። በጥፍሬ ስፍቀው አመድ ወጣ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም የአንድ ትንሽ ጓርኒሲዮን ጉዳይ ነው።

በዘይት መስመር ላይ ሲሊኮን አታስነኩ። ዘይቱ የሚመለስበት ቱቦ ደግሞ ሰፊ ይሁን፣ ያለምንም ጉብታ ቁልቁል ይውረድ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውም ከተጠራቀመው ዘይት ከፍታ በላይ ይሁን። መመለሻው ከተጣበበ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይቆማል፣ በማኅተሙ በኩል ያፈሳል። ሰው ግን "ቱርቦው አፈሰሰ" ብሎ ሌላ ይገዛል። ሌላውም ያፈሳል። እና ከመጀመሪያው ማስነሳት በፊት ቱርቦው ውስጥ በእጅ ዘይት አድርጉለት።

ያለ መለኪያ ፖምፓ ማስጨመር

ቱርቦው በተገጠመ ማግስት ሁሉም ሰው ፖምፓው ላይ ያለችውን፣ ናፍጣ የምትጨምረውን ቡሎን ሊነካ ይፈልጋል። ቆዩ። ደጋ ላይ ሞተሩ ቀድሞውንም ናፍጣ ተርፎት ነበር። አየሩ ሲመጣለት ያ ትርፍ ናፍጣ መቃጠል ይጀምራል፣ ጭሱ ይጠፋል፣ ጉልበቱ ይመጣል። አንድ ሁለት ወር እንዲሁ ንዱት። ብዙዎቻችሁ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ነገር አትፈልጉም።

ካስጨመራችሁ ግን የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም አይሆንም። የመለኪያው ዘንግ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ) ላይ፣ ከቱርቦው በፊት ይግባ። ከቱርቦው በኋላ ከተገጠመ የሚያሳያችሁ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። ለዚህ ሞተር እኔ 700 ዲግሪን እንደ አጥር ነው የማየው። እዚያ ሲጠጋ እግሬን አነሳለሁ፣ ማርሽ እቀንሳለሁ።

ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን የጋለ አየር የሚያቀዘቅዝ) ለ0.5 ባር የግድ አይደለም፣ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ግን ያስፈልጋችኋል። የጭስ መውጫውን ከነማርሚታው በሰፊ ቀይሩት፣ የድሮው ጠባብ ነው፣ ጭሱን እያፈነ ሙቀት ያጠራቅማል። የአየር ፊልትሮው ቤት ስንጥቅ ካለው ፒስታ መንገድ ላይ ቱርቦውን በአንድ ክረምት ከበጋ ያሰናብተዋል። ፍሪሲዮኑ ያለቀ ከሆነ በአዲሱ ጉልበት መንሸራተት ይጀምራል፣ አብራችሁ በጀት ያዙለት።

መሞከሪያ ቦታ ከፈለጋችሁ አባይ በረሃ አለላችሁ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዳችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብላችሁ ትወጣላችሁ። ታች ያለው ሙቀት፣ ረጅሙ ዳገት፣ እየቀጠነ የሚሄደው አየር፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ። ጭነት ጫኑ፣ አንድ ዓይናችሁ የጭስ ሙቀቱ ላይ፣ ሌላው የውሃው ሙቀት ላይ ይሁን። ደጀን ስትደርሱ ቁልፉን ወዲያው አታጥፉ። ዘንጉ ገና ግሏል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱም ይቆማል፣ የቆመው ዘይት እዚያው ይቃጠላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ይሥራ። እኔ የጭስ ሙቀቱ ከ200 ሲወርድ ነው የማጠፋው።