ደረሰኙ የየትኛው አያታችን ነው?

አራት ኪሎ ካለው የአክስቴ ቤት፣ ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ የገጠር መሬት ግብር ደረሰኝ ተገኘ። የከፋዩ ስም ከነአባቱ ተጽፏል። ችግሩ፣ በቤተሰባችን ሞክሼ የሆኑ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የአባታቸውም ስም አንድ ነው። ቀኑ ያለበትን ጥግ ደግሞ አይጥ በልቶታል (አይጥም መርጦ ነው የሚበላው!)።

መፍትሔው የክፍያ ዝርዝሩ ነበር። አስራትም (በአንድ አስረኛ ስም ለመንግሥት ይከፈል የነበረ የመሬት ግብር) የትምህርት ግብርም ተከፍሏል። የትምህርት ግብር የተጣለው በ1940 ዓ.ም. ነው፤ አስራት ደግሞ በ1960 ዓ.ም. ቀርቷል። ስለዚህ ደረሰኙ የተቆረጠው በእነዚህ ዓመታት መሃል ነው። አንደኛው ሞክሼ በ1928 ማይጨው ላይ ቀርቷል። በቃ፣ ከፋዩ ሌላኛው ነው።

የደበዘዘውን ቀለም ለማንበብ፣ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አድርጌ በስልክ ፎቶ አነሳሁትና አጎላሁት። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ።